ድራማውን የቱ ላይ እናቁመው?

ተማሪን ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ምርምር ለመሳብ ድራማ የሚያሳይ መምህር ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ትዕይንት ይታወቃል። ኮፍያ ያጠለቀ ልጅ ጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቁልፎቹን ይደበድባል፣ አረንጓዴ ጽሑፍ ይንቆረቆራል፣ በ10 ሰከንድ ውስጥ «ገባሁ!» ይላል። ክፍሉ ያጨበጭባል። ከዚያ መምህሩ ወደ ስላይዱ፣ ተማሪውም ወደ ስልኩ ይመለሳል።

እንዲህ ያለው ትዕይንት ምኞት ይሰጣል፤ ጥያቄ ግን አይሰጥም። ምርምር ደግሞ የሚነሣው ከጥያቄ ነው፣ ያውም ሊቆጠር ወይም ሊለካ ከሚችል ጥያቄ። ስለዚህ የተማሪዎች ክበብ የምትመሩ መምህራን፣ ከ3 ደቂቃ በላይ አታሳዩ። ተማሪዎቹ እዚያው ባለችው ላፕቶፕ ሊፈትኑት የሚችሉት ነገር ሲመጣ ቀጥ አድርጉት። መጨረሻውን ቤታቸው ሄደው ይዩት።

ለዚህ ሥራ የሚሻለው ግማሽ ስሕተት የሆነ ትዕይንት ነው። «ሚስተር ሮቦት» በቴክኒክ ጥንቃቄው የተመሰገነ ድራማ ነው፤ ግን ለጀማሪ ክፍል ይከብዳል፣ ምክንያቱም ትክክል የሆነውን ነገር ተማሪው አድንቆ ያልፈዋል። ግማሽ ስሕተቱ ግን «ኧረ ይኸ ይሆናል እንዴ?» ያሰኛል፣ ሁለት ተማሪ ያከራክራል። ሒሳብን ወንጀል ፍለጋ ውስጥ ያስገባው የአሜሪካው «ነምበርስ» ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ሲተላለፍ ካልኩሌተር አምራቹ ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ከአሜሪካ የሒሳብ መምህራን ምክር ቤት ጋር ሆኖ ለክፍሎቹ የመልመጃ ወረቀት ያዘጋጅ ነበር። ድራማው ወለድ እንጂ ዋናው ገንዘብ ወረቀቱ ነው ባይ ነኝ።

ጎንደር ላይ ለሚሠራ ክበብ ጥቂት የዝግጅት ነገሮች። ትምህርቱ በፈረቃ ስለሆነ የሚመቸው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከጥምቀት በፊት አትጀምሩ፤ በዚያ ሰሞን ከተማው እንግዳ ይቀበላል፣ ተማሪውም ለፈተና ይዘጋጃል። የካቲት ጥሩ ነው። 24 ተማሪ ካለ 6 ቡድን፣ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ላፕቶፕ፤ 3 ላፕቶፕ ብቻ ከተገኘ ግማሹ ቡድን በወረቀት ይቁጠር፣ ከዚያ ይቀያየሩ። መብራት እንደሚሄድ አስባችሁ ተነሡ። ፕሮጀክተሩ ወዲያው ይጠፋል፣ ላፕቶፖቹ ግን አርብ ማታ ቻርጅ ከተደረጉ ይቆያሉ፤ ስለዚህ ትዕይንቱን ቆርጣችሁ በየላፕቶፑ ቀድማችሁ ጫኑት። በ480 ፒ ጥራት 3 ደቂቃ ቪዲዮ ከ20 እስከ 30 ሜጋባይት ቢይዝ ነው። ፒያሳ «ፊልም ይጫናል» ከሚሉት ሱቆች የምታመጡትን ፍላሽ ግን በቀጥታ ወደ ተማሪ ላፕቶፕ አትሰኩት፤ ፎልደሩን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚቀይረው ቫይረስ 6ቱንም ላፕቶፕ በአንድ ጠዋት ያዳርሳል። መጀመሪያ በአንዱ ላይ መርምሩ፣ ቪዲዮውን ብቻ በንጹሕ ፍላሽ አዛውሩ። ላፕቶፕ ላጠረው ቡድን አንድሮይድ ስልክ ላይ ፓይድሮይድ 3 የሚባለው መተግበሪያ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ያስኬዳል፤ ተጨማሪ ጥቅሎቹን ኢንተርኔት ባለበት ቀን አውርዱ።

አሁን ወደ ዋናው። ከሁሉ የሚሻለው ትዕይንት የበር ምስጢር ቁጥር የሚሰበርበት ነው። ሌባው በሩ ላይ አንድ ትንሽ መሣሪያ ይለጥፋል፣ ቁጥሮቹ ይሽከረከራሉ፣ መጀመሪያ አንዱ ቆሞ ያበራል፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ሦስተኛው። ሦስተኛው ላይ አቁሙት።

ለ5 ደቂቃ ሁሉም ጥያቄውን ዝም ብሎ ይጻፍ። ጎበዙ ተማሪ አፉን ከከፈተ ሌላው መጻፉን ስለሚተው ዝምታው ግዴታ ነው። ከሚመጡት ወረቀቶች መካከል አንዱ ይኸን ይጠይቃል፦ በሩ ስንቱ ቁጥር ትክክል እንደሆነ ለሌባው ይነግረዋል ወይ? ካልነገረው ባለ 8 አኃዝ ቁጥር 100,000,000 ሙከራ ሊፈልግ ይችላል። አንድ በአንድ ከነገረው ግን ለእያንዳንዱ ቦታ ቢበዛ 10፣ በጠቅላላው 80 ሙከራ ይበቃል። ይኸን ሰሌዳ ላይ ጻፉትና ትንሽ ጠብቁ። ክፍሉ «ድራማው ውሸት ነው» ብሎ ይፈርዳል፤ ሊናገር የሚችል በር ማን ይሠራል?

በሩ ሳያውቅ ሊናገር ይችላል። የምስጠራ ባለሙያው ፖል ኮቸር በ1996 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ኮምፒውተር አንድን የምስጢር ስሌት ለመጨረስ የሚወስድበትን ጊዜ በመለካት ብቻ ምስጢሩን ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። ይኸን ተማሪዎቹ በራሳቸው እጅ ማየት ይችላሉ። ፓይተን ላይ 4 አኃዝ ምስጢር የሚይዝ አጭር ፕሮግራም ይጻፉ። ፕሮግራሙ የገባውን ቁጥር ከግራ ጀምሮ አኃዝ በአኃዝ ያወዳድር፤ የማይመሳሰል ሲያገኝ ወዲያው «አይደለም» ይበል፤ በተመሳሰለ ቁጥር ግን 0.05 ሰከንድ ይጠብቅና ይቀጥል። ፕሮግራሙ ያጠፋውን ጊዜ በመጨረሻ ያሳይ። ምስጢሩን አንዱ ቡድን ያስገባል፣ ሌላው ቡድን ይሰብራል። 0000፣ 1000፣ 2000 እያሉ እስከ 9000 ያሉትን 10 ቁጥሮች ሲሞክሩ አንዱ ብቻ ዘግይቶ ይመልሳል፤ የመጀመሪያው አኃዝ ተያዘ። (ምስጢሩ ውስጥ ዜሮ ካለ ሰዓቱ ከ0.05 በላይ ሊዘገይ ይችላል። አትንገሯቸው፣ ራሳቸው ይድረሱበት።) 10,000 የነበረው ቢበዛ 40 ሙከራ ይሆናል።

እዚህ ላይ ብታቆሙ ጨዋታ ነው። ምርምሩ የሚጀምረው 0.05ቷን ስታነሡባቸው ነው። አሁን ልዩነቱ ከማይክሮሰከንድ በታች ይወርዳል፣ አንድ ጊዜ ለክቶ የሚያገኘው ቡድን የለም። አንዱን ቁጥር 10,000 ጊዜ ለክተው፣ ልኬቶቹን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድረው መካከል ላይ ያለውን ወይም ትንሹን ጊዜ ይውሰዱ፤ አማካዩን ከወሰዱ አንድ ጊዜ ኮምፒውተሩ ሌላ ሥራ ውስጥ ሲገባ የመጣ ትልቅ ቁጥር ሁሉንም ይበክለዋል። የሚበላሽባቸውም ነገር ይደጋገማል። የመጀመሪያው፣ ውጤት የማሳየት ትእዛዙን በሚለካው ክፍል ውስጥ ያስገቡታል፤ ማሳየቱ ከማወዳደሩ እጅግ የበለጠ ጊዜ ስለሚበላ የሚለኩት ስክሪኑን ይሆናል። ሁለተኛው፣ የፓይተንን ተራ የሰዓት ጥሪ ይጠቀማሉ፤ እሱ ከ3.13 በፊት በነበሩት የፓይተን ቅጂዎች በብዙ ዊንዶውስ ማሽን ላይ በ15 ሚሊሰከንድ ገደማ እየዘለለ ስለሚቆጥር ውጤቱ ሁሉ ዜሮ ይመጣል። ፐርፍ ካውንተር የሚባለውን ጥሪ አሳዩአቸው። ሦስተኛው፣ መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ ኃይል ቁጠባ ውስጥ ይገባና ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ግማሹ ልኬት ከመብራቱ በፊት፣ ግማሹ በኋላ ከሆነ ሠንጠረዡን ቀዳችሁ ጣሉት። መድኃኒቱ ቁጥሮቹን በተራ ሳይሆን እያቀያየሩ መለካት ነው፤ ለውጡ ያኔ ሁሉንም እኩል ይነካቸዋል። ይኸን ያወቀ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሙከራ ንድፍ ምን እንደሆነ ገብቶታል፣ ስሙን ባያውቀውም።

ሙከራው በራሳቸው ፕሮግራም፣ በራሳቸው ማሽን ላይ ብቻ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የሌላ ሰው ሥርዓት ውስጥ መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ «ለትምህርት ነው» ማለት አያድንም። ይኸን መጀመሪያውኑ፣ ከቪዲዮው በፊት ተናገሩ። ማሳረጊያው ላይ ደግሞ የመከላከያውን መንገድ አሳዩ፤ ፓይተን ውስጥ ኤችማክ የሚባለው ክፍል ሁለት ጽሑፎችን የቱ ጋ እንደተለያዩ በጊዜው ሳያጋልጥ የሚያወዳድር ተግባር አለው።

ሁለተኛው ትዕይንት «አጉላው!» የሚለው ነው። ፖሊሱ የደበዘዘ ምስል ያሳያል፣ ባለሙያዋ አንድ ቁልፍ ትጫናለች፣ ታርጋው ጥርት ይላል። የባጃጅ ታርጋ ፎቶ አታንሡ፤ የሰው ነው። 10 ወረቀት ላይ ባለ 5 አኃዝ ቁጥር በማርከር ጽፈው ያንሡ፣ በፓይተኑ ፒሎው ጥቅል ስፋቱን ወደ 80፣ 40፣ 30፣ 20 ፒክስል ያሳንሱ፣ መልሰው ያጉሉና ለሌላ ቡድን ያስነብቡ። በዘፈቀደ የሚገምት ሰው ከ5 አኃዝ በአማካይ ግማሽ አኃዝ ያገኛል፤ ከዚያ ያልበለጠ ቡድን ምንም እያነበበ አይደለም። ፎቶውን ያነሣው ተማሪ አንባቢ እንዳይሆን፤ መልሱን ያውቀዋልና «ይታያል!» ይላል። በቴሌግራም ሲላላኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩት፣ ካልሆነ መተግበሪያው ራሱ ያሳንሰዋል። «ዛሬ ኤአይ ያጠራዋል» የሚል ተማሪ አይጠፋም። ከዱክ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ፐልስ የተባለ ሥርዓት በ2020 እ.ኤ.አ. የባራክ ኦባማን የደበዘዘ ፎቶ ሲሰጡት የነጭ ሰው ፊት አወጣ። የጠፋው መረጃ አልተመለሰም፤ ማሽኑ ከተማረበት ፎቶ ተበድሮ ሞላው።

ሦስተኛው ለሒሳብ ወዳዶች ነው። «ሲሊከን ቫሊ» የተባለው ተከታታይ ኮሜዲ (2014–2019 እ.ኤ.አ.) ፋይል የማመቅ ችሎታን የሚለካ ነጥብ አስፈልጎት የስታንፎርዱ ፕሮፌሰር ጻኺ ዋይስማንና ተማሪያቸው ቪኒት ሚስራ አንድ ቀመር አወጡለት። በአጭሩ የእኔ ፕሮግራም የማመቅ ምጣኔ ለመደበኛው ፕሮግራም ምጣኔ ይካፈልና በመደበኛው ጊዜ ሎጋሪዝም ተባዝቶ ለእኔ ጊዜ ሎጋሪዝም ይካፈላል። ቀመሩን ስጡና ቀዳዳውን ያግኙት። መደበኛው 2.5 እጥፍ በ2 ሰከንድ፣ የእኔ ደግሞ 3 እጥፍ በ4 ሰከንድ ቢያምቅ በሰከንድ ስናሰላ ነጥቡ 0.60 ነው፤ ተሸንፌያለሁ። ያንኑ በሚሊሰከንድ ብናሰላው 1.10 ይሆናል፤ አሸንፌያለሁ። ሥራው አልተለወጠም፣ መለኪያው እንጂ።

ከዚሁ ጋር የአማርኛ ጽሑፍ ይጭመቁ። ፊደልን በባይት በሚጽፈው ዩቲኤፍ 8 በተባለው ደንብ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ የእንግሊዝኛው 1። ተመሳሳይ ርዝመት ያላቸውን ሁለት ጽሑፎች ዚፕ ሲያደርጉ የአማርኛው በበለጠ እጥፍ ይቀንስና «አማርኛ ይበልጥ ይታመቃል» ብለው ይደመድማሉ። ተዋቸው፣ ይደምድሙ። ቀጥሎ ያንኑ ጽሑፍ በዩቲኤፍ 16 ያስቀምጡት፤ አሁን ፊደሉ 2 ባይት ነው፣ ትርፉም ይቀንሳል። የተለመዱት የፊደላችን ቅርጾች በዩቲኤፍ 8 ሲጻፉ የመጀመሪያዋ ባይት ሁልጊዜ አንድ ስለሆነች ዚፑ በቀላሉ ከቆጠባቸው አንዷ እሷ ነበረች። ቪዲዮውን ራሱን ዚፕ ሲያደርጉት ደግሞ አለመቀነሱ ያስገርማቸዋል። ቀድሞ ታምቋልና።

እስካሁን ያሉት የውጭ ድራማዎች ናቸው። እኔ ከሁሉ አብልጬ የማምንበት ግን ማታ ማታ ቤተሰቡ ሁሉ የሚያየውን ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 እ.ኤ.አ. ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ ድምፅ የተሠሩ የቱርክና የሌሎች አገሮች ድራማዎች በየቤቱ ገብተዋል፤ የአገር ውስጡም አለ። በእነዚህ ውስጥ ኮምፒውተር ላይታይ ይችላል። ተማሪው ግን ገጸ ባሕርያቱን በስም ያውቃቸዋል፣ የሚከራከርበት ነገር አለው፣ ቪዲዮ ማውረድም አይጠበቅበትም።

ጥያቄው ይኸ ይሁን፦ የዚህ ድራማ ዋና ሰው ማን ነው? እናቶች አንድ መልስ አላቸው፣ ተማሪው ሌላ። አሁን ይቆጠር። ሁለት ተማሪዎች የድራማውን ያንኑ አንድ ክፍል ሳይነጋገሩ በየቤታቸው ያዩታል። ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ረድፍ፤ ማን ከማን ጋር ተነጋገረ። ቅዳሜ ሠንጠረዡን ይዘው ይመጣሉ፣ እያንዳንዱ ሰው ነጥብ፣ እያንዳንዱ ንግግር መስመር ይሆንና ወረቀት ላይ መረብ ይሣላል። ብዙ መስመር ያለው አንድ ነገር ነው፤ ቢወጣ መረቡን ለሁለት የሚቆርጠው ሌላ ነገር ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ከሀብታሙም ከድሃውም ቤት ወሬ የምታመላልሰው የቤት ሠራተኛ ወይም ሾፌሩ ሊሆን ይችላል፤ እዚህ ላይ ክፍሉ ይጦዛል።

ችግሩ የሚመጣው ሁለቱ ሠንጠረዦች አለመስማማታቸው ላይ ነው። የስልክ ንግግር ይቆጠራል? ሠርግ ላይ አብሮ መቆምስ? በር ኋላ ሆኖ ማዳመጥስ? ደንቡን ከመቁጠራቸው በፊት በጽሑፍ ካላስቀመጡት አንዱ ሠርግ መረቡን ድፍን ያደርገዋል። ደንብ ካወጡ በኋላም ስምምነታቸውን ይለኩ። «82 በመቶ ተስማማን!» ብለው ቢመጡ ቶሎ አታመስግኗቸው። ሁለቱም ከ100 ረድፍ 90ውን «ተነጋግረዋል» ብለው የሚሞሉ ከሆነ በአጋጣሚ ብቻ 0.9 በ0.9 ተባዝቶ፣ 0.1 በ0.1 ተባዝቶ ሲደመሩ፣ ማለትም 82 በመቶ ይስማማሉ። 86 በመቶ ቢስማሙ እንኳ ከአጋጣሚ በላይ ያተረፉት እስከ 100 ከቀሩት 18 ነጥቦች 4ቱን፣ ማለትም 0.22 ነው። ይኸ በ1960 እ.ኤ.አ. ጃኮብ ኮሄን ያወጣው ካፓ የሚባለው መለኪያ ነው። ሁለት ሐኪሞች አንድ ኤክስሬይ ሲያነቡ መስማማታቸው የሚለካውም በዚሁ ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. በሕዝብ ጤና ኮሌጅነት የተጀመረ እንደመሆኑ በአካባቢያችሁ ይኸን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፤ አንድ ጠዋት ጋብዙት።

ሠንጠረዡ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ሌላ ጣጣ አለ። አንዱ «ሐሰን» ሌላው «ሀሰን»፣ ሦስተኛዋ «ሃሰን» ብላ ጽፋለች፤ ፓይተን 3 ሰው አድርጎ ይቆጥራቸዋል፣ መረቡም ይበጣጠሳል። ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ራብዖቻቸውን ወደ አንድ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰቦቻቸው የሚመልስ ትንሽ ሠንጠረዥ ይሥሩ። የቀየሩትን ለመቁጠሪያ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ዋናው አጻጻፍ በሌላ ዓምድ ሳይነካ ይቀመጥ። ይኸ ጨዋታ አይደለም፣ በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚሠራ ተመራማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚወስነው ውሳኔ ነው።

ክበቡ ሠርቷል አልሠራም የሚለውን «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትለኩ። ድራማ አይታችሁ ስትወጡ ማን አልወደድኩትም ይላል? በ2018 እ.ኤ.አ. ሴቶች በፊልምና በቴሌቪዥን እንዴት እንደሚታዩ የሚያጠናው የጊና ዴቪስ ተቋም «ኤክስ ፋይልስ» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ውስጥ ያለችው ሳይንቲስት ሴቶችን ወደ ሳይንስ ስለመሳቧ ያወጣው ጥናት በሰፊው ይጠቀሳል። የጥናቱ ተባባሪ የድራማው የዚያን ጊዜ ባለቤት ኩባንያ መሆኑንና ሴቶቹ የተጠየቁት ወደ ኋላ ተመልሰው እንደሆነ ግን የሚጠቅሰው ጥቂት ነው። እናንተ ሁለት ነገር ቁጠሩ፦ በ4ኛው ቅዳሜ ከጀመሩት ስንቱ መጣ፣ ያልተሰጠውን የራሱን ጥያቄ ይዞ የመጣስ ስንት ነው። ሁለተኛው ቁጥር ትንሽ ይሆናል። ለእሱ ነው የምትሠሩት።

እያንዳንዱ ቡድን በመጨረሻ ግማሽ ገጽ ያስረክብ፤ ጥያቄው፣ የለካው ነገር፣ አንድ ሠንጠረዥ፣ ልኬቱን ምን ሊያበላሸው እንደሚችል። የቪዲዮ ቁራጩን በቴሌግራም ቻናል አትልቀቁት፣ ሠንጠረዡን ብቻ አካፍሉ። ለዩኒቨርሲቲ መምህር የምትልኩት በሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ የሚለዩበት የሠንጠረዥ ፋይል) ከሆነ ከፓይተን ስታወጡት ዩቲኤፍ 8 ከቦም (አጻጻፉን ለአንባቢው ፕሮግራም የምትነግር የፋይሉ መነሻ ምልክት) ጋር ብላችሁ አስቀምጡት፤ ቦም የሌለውን ኤክሴል ሲከፍተው «ሐሰን» የሚለው ስም የላቲን ፊደል ቅራቅንቦ ሆኖ ይወጣል።